የሆርሞን ብለው የመዳብ ሉፕ አስገቡልኝ፤ ተጠንቀቁ

እህቶች፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ። ሰሞኑን የግል ክሊኒክ ሄዳችሁ የሆርሞኑን ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የወሊድ መከላከያ) ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ካርድ እንዳታወጡ። እኔን የሆርሞን ነው ብለው 9,500 ብር ተቀብለው፣ ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠውን የመዳቡን ነው ያስገቡልኝ። ደሙ አልቆም ሲለኝ ደግሞ «እስኪለምድሽ ነው» እያሉ መለሱኝ።

ክሊኒኩን ታውቁታላችሁ፤ ራሱን ባይሆን አምሳያውን። ምድር ቤቱ ፋርማሲ፣ ፎቁ «ልዩ የማህፀንና ጽንስ»፣ መግቢያው ላይ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ የፈረንጅ ሕፃን። ካርድ ትከፍያለሽ፣ አልትራሳውንድ ትከፍያለሽ፣ «ለማንኛውም ላብራቶሪም ይታይ» ትባያለሽ፤ የሄድሽበት ጉዳይ ግን ገና አልተነሳም። ይህን ሁላችንም ለምደነዋል፣ ስለዚህ እሱን አላማርርም። እኔን ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የሆርሞኑን የፈለግኩት አምሮኝ አይደለም። ከድሮም የወር አበባዬ ብዙ ነው፤ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን ክኒን ስውጥ የከረምኩ ሰው ነኝ። የሦስት ወር መርፌው አልተስማማኝም። በክንድ የሚቀበረውን ታናሽ እህቴ አድርጋው ስትበሳጭ ስላየሁ አልፈለግኩትም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያስረዳኝ ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድም ስህተት የለበትም። የመዳቡ ሆርሞን የለውም፣ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ግን የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠቱንም ይጨምራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት። የሆርሞኑ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ስለሚያሳሳ ደሙን ይቀንሳል፤ ጭራሽ የሚቆምላቸውም አሉ። «አንቺ ደም ማነስ ስላለብሽ የሚሻልሽ ይሄኛው ነው፤ መዳቡን አልመክርሽም» አለኝ። በገዛ አፉ!

ከመሳቢያው የሚሬና፣ ማለትም የሆርሞኑን ሉፕ፣ ካርቶን አውጥቶ አሳየኝ። አንዱ ጥጉ ተጨረማምቷል፤ ጎኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሆነ ቁጥር ተጽፎበታል። ያገላብጠዋል፣ «የጀርመን ኩባንያ ዕቃ ነው፣ ዋጋው የሚወደደውም ለዚያ ነው» ይለኛል። እኔም አገላብጬ አየሁት። ከዚያ ተቀብሎኝ መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ካሸር ጋ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ወደ ሌላ ክፍል ተወሰድኩ። አልጋው ላይ ወጥታችሁ ጉልበታችሁ ላይ ጨርቅ ሲጣል ምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ፤ አምፖል ነው። ከጨርቁ ወዲያ ላስቲክ ሲቀደድ ሰማሁ፣ «ትንሽ ያምሻል፣ ተንፍሺ» ተባልኩ፣ አለቀ። ስለብስ ሲስተሯ «ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። የተቀደደውን ላስቲክ እንኳ አላየሁትም፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የወር አበባ ለማን ልንገረው። አንድ ሞዴስ አይበቃኝም፣ ሁለቱንም ደርቤ ቢሮ ወንበር ላይ መቀመጥ እፈራለሁ። ከስብሰባ ስነሳ ጓደኛዬ ከኋላዬ እንድትከተለኝ ለምኛት አውቃለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ስደውል ያቺው ሲስተር «የሆርሞኑም እኮ መጀመሪያ ላይ ያንጠባጥባል፤ እስከ 6 ወር ጠብቂ፣ ይስተካከላል» አለችኝ። ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው፤ የሆርሞኑም መጀመሪያ ላይ ያንጠባጥባል። የመዳቡም መጀመሪያ ላይ ያበዛል። ስለዚህ የትኛውንም ቢያስገቡልሽ መልሱ አንድ ነው፦ ጠብቂ። አንቺ ስትጠብቂ እነሱ ብሩን በልተው ጨርሰዋል።

በመጨረሻ አክስቴ እየጎተተች ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እኔ እንኳ «እዚያ ወረፋ ነው፣ ማን ያየኛል» እያልኩ ነበር። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሲስተር ናቸው የተቀበሉኝ። አሁን የሚመጣውን ሳስታውሰው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

«ምኑን ነው ያስገባሽው ልጄ?» አሉኝ። «የሆርሞኑን፣ ሚሬና» አልኳቸው። ከሉፑ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ክር ለማየት ወደ ውስጥ አዩ። ዝም አሉ። መብራቱን አስጠጉና ደግመው አዩ። «ሚሬና ነው ያሉሽ?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «የሚሬና ክር ቡናማ ነው። ያንቺ ነጭ ነው» አሉኝ። እኔ ያኔም አልገባኝም፤ የፋብሪካ ልዩነት መስሎኝ ነበር። ላውጣልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ይውጣልኝ አልኩ። ወይ ባል ይምጣ፣ ወይ ለምን ታስወጫለሽ የሚል ጥያቄ የለም። «ሳል በይ» አሉ፣ ሳልኩ፣ ብረቷ ሳህን ላይ ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ተነሺና እይው» አሉኝ። በጎዝ ጠርገው አስቀምጠውታል። ቲ ቅርጽ ያለው ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ግንዱ ላይ የጠቆረ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ ግራና ቀኝ ክንዱ ላይም መዳብ አለበት። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ስሎ «ይሄን አልመክርሽም» ያለኝ ራሱ ነው። ሲስተር ምንም ሳይሉ ቁም ሳጥናቸውን ከፈቱና አንድ ያልተከፈተ እሽግ አምጥተው አጠገቡ አኖሩት። አንድ ዓይነት። «ይሄማ የኛው ነው ልጄ፤ እዚህ ሞልቶልናል። ስንት ከፈልሽበት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። በሩ አጠገብ የቆመችው ወጣት ነርስ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች፤ ወዲያው ግን አፍራ ውኃ አመጣችልኝ። ደሜ ተመረመረ፤ የሴት ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ነው ይባላል፣ የኔ 7.9 ነው። ለዚህ ነው 9,500 ብር የከፈልኩት።

ያወጡልኝን አጥበው በሽንት መመርመሪያ ብልቃጥ ከትተው ሰጡኝ፣ የምርመራ ወረቀቴ ላይም ያወጡት የመዳብ ሉፕ መሆኑን ጽፈው ፈረሙበት። «ወረቀቱን እንዳትጥይው» አሉኝ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ «ማን ያየኛል» ያልኳቸው።

በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው፤ ቀና ሳትል «ካርድ አለሽ?» አለች። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ኧረ አንሺው፣ ምንድን ነው እሱ!» ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችው። የራሳቸው ዕቃ እኮ ነው ያስጠየፋት! ሐኪሙ ኦፕሬሽን ላይ ናቸው ተባለ፣ ሥራ አስኪያጅ ነኝ የሚል ሸሚዙ የተተኮሰ ልጅ መጣ። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ ከመጀመሪያዋ ቃል «አንቺ» ይለኛል።

«ይሄ ካንቺ ለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለሽ?»

የጤና ጣቢያውን ወረቀት ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና መለሰልኝ። «የመንግሥት ጤና ጣቢያ እኛ ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም» አለ። ደረሰኙን ሰጠሁት። ደረሰኙ ምን ይላል መሰላችሁ? «የማህፀን ሕክምና አገልግሎት» ይላል። ሉፕ አይል፣ ሆርሞን አይል፣ ሚሬና አይል። «የቱ ጋ ነው ሆርሞን የሚለው? አሳዪኛ» ይለኛል እየሳቀ። ካርዴ ይምጣ አልኩ፤ ካርዴ ላይም «ሉፕ ገብቷል» ብቻ ነው የተጻፈው። ድምፄ ከፍ ሲል ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች መዞር ጀመሩ፤ ይሄኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፤ ከሱ ጋር እንነጋገራለን» አለኝ። ማህፀኑ የኔ፣ ብሩ ከኔ ደመወዝ፣ የሚያነጋግረው ግን ባሌን ነው።

ኦፕሬሽን ላይ ናቸው የተባሉት ሐኪም ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስወጣ አየሁ። አንዲት ወጣት ልጅ ፊታቸው ተቀምጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አለ። ጥጉ የተጨረማመተ። ጎኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁጥር የተጻፈበት። ያው ካርቶን! ያልተሸጠ፣ የማይሸጥ፣ ለስንቱ እንደታየ እግዜር የሚያውቀው። ባዶ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም፤ እጄ ላይ በነበረበት ጊዜ አልከፈትኩትማ። በሩን ገፋሁትና «እህቴ፣ እሱ ካርቶን ፊትሽ ካልተከፈተ እንዳትከፍዪ!» አልኳት። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ልጅቷ ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሐኪሙን አየች። ከፍላ ይሁን ትታ ትውጣ አላውቅም። አንቺ ይህን የምታነቢ ከሆንሽ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ «አላልኩሽም? ሉፕ እኮ ልብ ላይ ይወጣል» እያለች ነው፣ የሰፈር ሴቶችም እየተቀባበሉት ነው። አይወጣም። ከማህፀን ተነስቶ ልብ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለም። ሲገባ ማህፀን የሚበሳበት አጋጣሚ አለ፣ ግን ከ1,000 ሴት አንድ ወይም ሁለት ላይ ነው የሚደርሰው፤ ራሱ ወጥቶ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ነው ከገባ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ተመልሰሽ ክሩን አስዪ የሚባለው። የመዳቡን አስገብተው ዓመታት በሰላም የኖሩ ጓደኞች አሉኝ፤ የወር አበባቸው ከድሮም ትንሽ ስለሆነ ለውጡን ብዙም አላዩትም። እኔ የተጣላሁት ከሉፕ ጋር አይደለም። ለእኔ እንደማይሆን ራሳቸው ነግረውኝ፣ ራሳቸው ካስገቡት ሰዎች ጋር ነው። እንዲህ ያሉት ናቸው ወሬውን እውነት የሚያስመስሉት።

ምክር ካላችሁኝ፦ ካርቶኑ ታሽጎ ይምጣ፣ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፣ ካርቶኑን ከነመለያ ቁጥሩ ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኙም ካርዱም ላይ የሉፑ ዓይነት በስም ይጻፍ፤ አንጽፍም ካሉ ተነሱ። የመዳቡን ከሆነ የምትፈልጉት ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ከነማስወጫው ነፃ ነው። ሕጉን ያየችልኝ የአጎቴ ልጅ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃም ሆነ አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል ትላለች። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ በ8482 በነፃ ይደወላል።

የክሊኒኩን ስም በውስጥ አትጠይቁኝ፤ አቤቱታውን ላስገባ ስለሆነ ለጊዜው አልጠራም። «የማህፀን ሕክምና አገልግሎት» ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዛችሁ የሆርሞን ሉፕ አስገብተናል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የክሩን ቀለም አስዩ፣ ነጭ ከሆነ አቤቱታውን አብረን እናስገባ። ብልቃጡ እኔ ጋ ነው።