«ለውሻ ምንም አይልም» እያሉ በር የሚያንኳኩ የሳር ስፕሬይ ሻጮች፣ ተጠንቀቁ

ሰላም ሀበሾች፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ቤት ያላችሁ፣ ውሻ ወይ ድመት የምታሳድጉ ይሄን ሳታነቡ አትለፉ። ስፕሪንግ ሲገባ ታብሌት ይዘው በር የሚያንኳኩ የላውን ኩባንያ ልጆች አሉ አይደል፣ «ጎረቤታችሁም ጋ እየሰራን ነው፣ የመጀመሪያው በግማሽ ዋጋ» የሚሉት። እኛ ቤት የመጣውን ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ውሻችን ነው። «ፔት ሴፍ ነው፣ ኢፒኤ ያጸደቀው ነው፣ እንደተረጨ ልትለቁት ትችላላችሁ» አላት (ኢፒኤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ነው)፣ እሷም አምናው ፈረመች። ከዛ ማንም ሳይደውል እኛ ስራ እያለን መጥተው ረጭተው ሄዱ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ውሻውን ሲያወጣው ሳሩ ገና እርጥብ ነበር። ማታ ለሃጩን እያዝረበረበ ያስመልሰው ጀመር፣ ምግብም እምቢ አለ፣ በነጋታው ቬት ጋ ይዘነው ሄድን፣ ከሳሩ ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም አለችን። እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ድኗል። ኩባንያው ግን ስለ ቬቱ ቢል ስንጠይቀው «እኛን አይመለከትም» ብሎ ስልኩን ዘጋብን።

በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለውት የሄዱትን ወረቀት ሳነበው በደቃቅ ጽሁፍ 2,4-ዲ ይላል። ይሄ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድል፣ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ መድሃኒት ነው። የሰው ኩላሊት ቶሎ ያስወጣዋል፣ የውሻ ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል። ሌብሉ ራሱ እስኪደርቅ ድረስ ሰውም እንስሳም አይግባ ይላል፣ ልጁ በር ላይ ያለው ደግሞ የዛ ተቃራኒ ነው! «ኢፒኤ ያጸደቀው» የሚለውም አያታላችሁ፣ ኢፒኤ ይመዘግባል እንጂ ሴፍ ነው ብሎ አይመሰክርም፣ እንዲያውም በኢፒኤ ደንብ የተመዘገበ የአረም መድሃኒት ሌብሉ ላይ «ሴፍ» ወይም «ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት የለውም» ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም። እቃው ላይ መጻፍ የማይችሉትን ነው በአፋቸው የሚሸጡልን።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ይሄ ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ህግ እንዲህ አይነቱን ኬሚካል ለሳር ማሳመሪያ ብሎ የግል ግቢ ላይ መርጨት ክልክል ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ እዛው ካውንቲ ውስጥ ነው። ኩባንያው ይሄን አያውቅም ብዬ አላምንም። የካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ላይ ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ስለ ኮንትራቱ ደግሞ የካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አለ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይሄ ህግ አይመለከታችሁም፣ ስለዚህ እናንተ የበለጠ ራሳችሁን ጠብቁ።

ፈርማችሁ ከሆነም አልመሸም። ቤታችሁ መጥተው በ25 ዶላር ወይም ከዛ በላይ የሸጡላችሁን ነገር በፌዴራል ህግ እስከ ሶስተኛው የስራ ቀን እኩለ ሌሊት ካንስል ማድረግ ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሁድና የፌዴራል በዓል አይቆጠርም። የካንስል ፎርም በሁለት ኮፒ ሊሰጧችሁ ይገባል፣ ለኛ አልሰጡንም። በስልክ ብቻ ነግራችሁ እንዳትተዉት፣ በጽሁፍ አድርጉና በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት። በየዓመቱ በራሱ ሪኒው ይደረጋል የሚል መስመር ካለም ፈልጉት፣ የኛ ላይ መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።

ለማንኛውም ማንም ይርጨው ማን፣ ከመፈረማችሁ በፊት የምርቱን ስምና ሌብሉን አምጣ በሉት፣ እምቢ ካለ በሩን ዝጉ። ከመረጨቱ በፊት የውሻውን ሳህንና መጫወቻ ከግቢው አስገቡ፣ ሳሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትልቀቁት፣ ፍሬ ፍሬ የሆነ ማዳበሪያ ከሆነ ሌብሉ እንደሚለው ውሃ አጠጥታችሁ እንደገና እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ሲገባ መዳፉን እጠቡት። ድመት ያላችሁ ለመዥገር ነው ብለው ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት መግደያ ከሚረጩ ተጠንቀቁ፣ ድመት መዳፏን ስለምትልስ እርጥቡን ከነካች ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ኦርጋኒክ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ የአጥንትና የደም ዱቄት ያለበትን ማዳበሪያ ውሻ በጠረኑ ተስቦ ይበላዋል፣ ብዙ ከበላ ሆዱ ውስጥ ይጋገራል፣ ቆሽቱንም ያሳምመዋል።

አንድ ነገር ከበላባችሁ ሳትጠይቁ አታስመልሱት። የኤኤስፒሲኤ (የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማህበር) የእንስሳት መርዝ መስመር 888-426-4435 ሌት ተቀን ይሰራል፣ ሊያስከፍሉ ይችላሉ ግን ይረዳሉ። ሲመልሱ የምርቱን ስምና ሌብሉ ላይ ያለውን የኢፒኤ መመዝገቢያ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ የሚረጨውን እቃ ሌብል ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።