ለስፖርት መኪና ፍሬን፦ ሸራና ዘይት መቀየር ወይስ ትልቅ ካሊፐር መግጠም?

በፍጥነት ሲነዳ ፔዳሉ እየላላ ይገባል? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሳይሆን የፈላ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 (አንዱ የፍሬን ዘይት ደረጃ) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

ሸራና ዘይት፦ ርካሽ ነው። ክሪክ፣ አስተማማኝ መደገፊያ፣ መፍቻና ፔዳል የሚረግጥ ጓደኛ ካለ በቤት ይሠራል። የውድድር ሸራ ግን ካልሞቀ በደንብ አይዝም፤ ለከተማ መንገድ በፍጹም አልመክረውም።

ትልቅ ካሊፐርና ዲስክ፦ ሙቀት ይችላል፤ ኪስ ግን ይጎዳል። ቸርኬው ላያስገባው፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛንም ሊዛባ ይችላል።

አልፎ አልፎ የውድድር መም ለሚወጣ የመጀመሪያው ይበቃል። ከባድና ጉልበተኛ መኪና ይዞ ደጋግሞ ለሚወጣ ሁለተኛው ያዋጣል።