ኪዮቶ ሄዳችሁ ገንዘባችሁን የት ታወጡታላችሁ? ሻይ፣ ኪሞኖ፣ ዜን ወይስ ጌይሻ?

ኪዮቶ ከ794 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. የጃፓን ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ያ ሁሉ ታሪክ በሰዓት እየተሸነሸነ ለቱሪስት ይሸጣል። በሁለት ቀን ሁሉንም አዳርሳለሁ ያለ ሰው ድካም ብቻ ይዞ ይመለሳል።

የእኔ ምርጫ የሻይ ሥርዓት ነው። በቡድን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 የን ይጠየቃል። የሚቀርበው ማቻ የተባለው ሻይ ቅጠሉ ተጠልሎ የሚጣል አይደለም፤ ደቅቆ ዱቄት የሆነው ቅጠል ራሱ ይጠጣል። መጀመሪያ ጣፋጭ ይቀርብላችኋል። አስተናጋጇ ዱቄቱን በሙቅ ውኃ፣ በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ ትመታዋለች። ሻዩ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጅ ተቀብላችሁ፣ ፊቱን ከራሳችሁ አዙራችሁ ትጠጣላችሁ። መራራ ነው። በሙሉው ሥርዓት ከሰሉ ላይ ዕጣን ሳይቀር ይጨመራል፤ ቡና ሲፈላ እያየ ላደገ ሰው ቤቱ የገባ ያህል ነው። ልዩነቱ ወሬው ላይ ነው። እኛ ቡና ጠርተን ሰፈሩን ስናነሳ ስንጥል እንውላለን፣ እዚያ ግን የውኃውን ድምፅ ታዳምጣላችሁ። ሃያ ሰው የሚታጨቅበትን ተዉት። ሰው የሚያንስበትን፣ ራሳችሁም እንድትመቱ የሚፈቅዱበትን ፈልጉ። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ወንበር እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የኪሞኖ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ልብስ ኪራይ ለፎቶ አንደኛ ነው። ከ3,000 እስከ 6,000 የን ከፍላችሁ ጠዋት ለብሳችሁ ማታ ትመልሳላችሁ። ስለ ባህሉ የምትማሩት ግን እምብዛም ነው። ግራው በቀኙ ላይ መደረቡን ብቻ አትርሱ፤ ተቃራኒው የሬሳ አለባበስ ነው። በኪሞኖው ጫማ ወደ ኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ የሚወስደውን ዳገት መውጣትም ቀልድ አይደለም።

ዜን፣ ማለትም የቡድሃ መነኮሳት ተመስጦ፣ ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል። ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ ያም ከባዱ ነገር ነው። መነኩሴው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ይዞራል፤ እጃችሁን አጋጥማችሁ ካጎነበሳችሁለት ትከሻችሁን ያቀምሳችኋል። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ መቀመጥ ከከበዳችሁ እለፉት፣ ምግቡን ግን አትለፉት። ሾጂን ርዮሪ የሚሉት የመነኮሳቱ ማዕድ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለበትም። በሁዳዴ ለሄደ ጿሚ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ጌይሻ፣ ማለትም በዘፈንና በውዝዋዜ እንግዳ የሚያጫውቱት ሴቶች፣ ደግሞ ኪስ ያራቁታሉ። የጌይሻዎቹ ሰፈር የጊዮን ነባር የሻይ ቤቶች ያለ አስተዋዋቂ እንግዳ አይቀበሉም። በአስጎብኚ በኩል የግል እራት ልብላ ካላችሁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የን ተዘጋጁ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ (አፕሪል) ከሄዳችሁ ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታየውን ሚያኮ ኦዶሪ የተባለ ውዝዋዜ በትኬት ግቡ፤ በጣም ይሻላል። መንገድ ላይ ግን ካሜራ ይዛችሁ አትከተሏቸው። ጊዮን ውስጥ በግል መተላለፊያዎች መግባት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ 10,000 የን ያስቀጣል።

ሻዩን ከመረጣችሁ ንጹህ ነጭ ካልሲ ያዙ። ቀለበታችሁንም በር ላይ አውልቁ። የሚሰጧችሁ ሳህን እንዳይጫር፤ ከአያታችሁ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።