ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የተከፈተው የባሬስታ ስልጠና፦ ያየሁትን ልንገራችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የባሬስታ ሙያ፣ ማለትም ቡናና ማኪያቶ በማሽን ማዘጋጀት፣ በነጻ የሚያስተምር አንድ ማዕከል አለ። የሰፈራችንን ልጅ ይዤ ስመላለስ ስለነበር አገልግሎቱን በደንብ አይቼዋለሁ።

በጣም የወደድኩት ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷን ነው። ሙያው ሰው በሕመም፣ በጉዳት ወይም በኑሮ ምክንያት የተቋረጠበትን የዕለት ተዕለት ሥራ መልሶ እንዲይዝ ማገዝ ነው። እኛ አገር ገና አዲስ ነው፤ ትምህርቱን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው የጀመረው። ቴራፒስቷ ስለ ቡና ምንም ሳታነሳ ልጁን እንዴት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚበላ ጠየቀችው። ጫማውንና ብርድ ልብሱን እንዳይሰርቁት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው፤ እንቅልፍ የሚወስደው ጎህ ሲቀድ ነው። ይኼን ስትሰማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፈረቃ አውጥታ ወደ ከሰዓት አዛወረችው፣ ዕቃውን የሚቆልፍበት ሳጥንም አሰጠችው። ሌላ ቦታ ቢሆን «ሰነፍ ነው፣ ያረፍዳል» ተብሎ በሳምንቱ ይባረር ነበር።

ማሽኑ ላይም እንደዚያው። ወተት ሲሞቅ እንፋሎቱ የሚያወጣው ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሲኒ ማጠብ፣ ከዚያ ቡና መፍጨት፣ ከዚያ ሌላው ሲሠራ ማሽኑ አጠገብ መቆም፣ እያለች ቀስ በቀስ አስጠጋችው። ማንበብ ስለሚከብደው የማኪያቶውን አሠራር በተራ በተራ በሥዕል አድርጋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። አሁን ማኪያቶው አንደኛ ነው፣ ቀምሼዋለሁ።

ያናደደኝ ምዝገባው ነው። የቀበሌ መታወቂያና ተያዥ አምጡ ይላሉ። የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የቀበሌ መታወቂያ ከየት ያመጣል? ተያዥ የሚሆነው ዘመድ ቢኖረውስ በረንዳ ላይ ምን ያሳድረዋል? የእኛ ልጅ እኔ ተያዥ ሆኜለት ገባ፤ አብረውት ተሰልፈው የነበሩ ልጆች ግን ከበር ተመለሱ፣ አንጀቴን ነው የበሉት። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ እንኳ ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር ይመዘግባል። ኃላፊዎቹን አናግሬያቸው ከእንግዲህ በፋይዳ እንቀበላለን ብለዋል፣ ተያዡ ግን አልቀረም። መቅረት አለበት።

ሌላው፣ ቴራፒስቷ አንድ ለእናቷ ናት፣ በየቀኑም አትገባም። እሷ በሌለችበት ቀን አሰልጣኙ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስኬደው፣ የከበደው እዚያው ይቀራል። ሰው ልትወስዱ ካሰባችሁ የምትገባበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ፋይዳ ከሌለው ደግሞ ቀድማችሁ ምስክር ሆናችሁ አስመዝግቡት።