ኤድካምፕ፦ መርሐ ግብሩ ባዶ የሆነ የመምህራን ጉባኤ ምን ያህል ያዋጣል?

ኤድካምፕ የሄደ መምህር በር ላይ የሚጠብቀው ባዶ ሰሌዳ ነው። ወደ ታች ሰዓት፣ ወደ ጎን የክፍል ቁጥር ተሰምሮበታል፤ በመካከል ያሉትን ሣጥኖች የውይይት ርዕስ በካርድ ጽፈው እየለጠፉ የሚሞሏቸው ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በዚያው ጠዋት። መግቢያው ነፃ ነው። የመክፈቻ ንግግር የለም፤ የክብር እንግዳው እስኪደርስ ተብሎም የሚባክን ሰዓት የለም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ያዘጋጀው ጉባኤ ሲያልቅ ሰው ከሁሉ የወደደው የሻይ ዕረፍቱን ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጉባኤውን ራሱን እንደ ሻይ ዕረፍት ሊያደርገው ሞከረና አሠራሩን ኦፕን ስፔስ አለው። በ2005 የኮምፒውተር ባለሙያዎች በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ባርካምፕ የተባለ፣ መርሐ ግብሩን ተሳታፊዎቹ የሚሞሉት ጉባኤ ጀመሩ። ባርካምፕ ላይ የተገናኙ መምህራን ደግሞ በ2010 ፊላደልፊያ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤድካምፕ አካሄዱ። በስኮትላንድ በ2006 የተጀመረው ቲችሚት የተባለ የመምህራን ስብሰባ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ወይም 2 ደቂቃ ተሰጥቶት የሠራውን ያቀርባል፣ እዚህ ግን ዋናው ውይይት መሆኑ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ኤድካምፕ ለእርማት ብዛት፣ ለክፍል አያያዝ፣ ከወላጅ ጋር ለሚደረግ ንግግር፣ ቤት ሥራ ለማይሠራ ተማሪ፣ በአጠቃላይ መልሱ በሌላ መምህር እጅ ላለ ችግር ሁሉ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። አዲስ የትምህርት ይዘት ከመሠረቱ ለመማር ግን አይሆንም። ለምሳሌ ንባብን በድምፅና በፊደል ግንኙነት ማስተማርን ከዜሮ ልማር ብሎ የመጣ ሰው ቁርጥራጭ ምክር ይዞ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉን አስቦ የተዘጋጀ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። እንዲህ ዓይነቱን ጉዳይ ለመደበኛ ሥልጠና ተዉት።

የቀኑ ዕጣ የሚወሰነው ሰሌዳው በሚሞላበት የመጀመሪያ 30 ወይም 40 ደቂቃ ነው። አርፍዶ የመጣ ሰው ሌሎች በመረጡት ርዕስ ይውላል። ካርድ አጻጻፍ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። «ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ» የሚል ካርድ ብዙ ሰው ይሰበስባል፤ ነገር ግን አንዱ ስለ ስልክ ክልከላ፣ ሌላው ስለ ፕሮጀክተር፣ ሦስተኛው ስለ ፈተና ማረሚያ አስቦ ስለሚመጣ የክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ርዕስ በማጥራት ያልቃል። «የ50 ተማሪ ድርሰት በሳምንት ውስጥ አርሞ ለመመለስ ምን ይቀነሳል?» የሚል ካርድ ጥቂት ሰው ይጠራ ይሆናል፣ የሚመጡት ግን ያው ችግር ያለባቸው ናቸው። ከቤት ሲወጡ ሁለት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በወፍራም ማርከር፣ ከሦስት ሜትር በሚነበብ ፊደል ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። ካርዱን የለጠፈ ሰው አዋቂ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጥግ ላይ «አውቃለሁ» ወይም «ልጠይቅ» ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ሁለት ካርዶች ሲመሳሰሉ አዘጋጁ በዝምታ ደርቦ ከሚለጥፋቸው የጻፏቸውን ሰዎች ጠርቶ ቢያስማማ ይሻላል። አንዳንዴ «ምዘና» የሚለው ቃል ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው።

ጥሩ አዘጋጅ ከሰዓት በኋላ ካሉት ሣጥኖች ሁለት ሦስቱን ባዶ ይተዋል። የጠዋቱ ውይይት የወለደው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከተለጠፈው ካርድ የተሻለ ስለሆነ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሰሌዳው በጠዋት ጢም ብሎ ከሞላ ይህ ዕድል ይዘጋል።

የኤድካምፕ ትልቁ ሀብት የሁለት እግር ሕግ ነው፦ በተቀመጣችሁበት ክፍል የምትማሩትም የምታካፍሉትም ከሌለ ተነሥታችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ከሁሉ ያነሰ ሥራ ላይ የሚውለውም ይኸው ሕግ ነው። የሚያስቀምጠው ይሉኝታ ነው፤ የሚናገር ሰው ትቶ መውጣት ንቀት ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አወያዩ ሲጀምር «መውጣት ነውር አይደለም» ይበል፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ወንበሮቹ በክብ ይደርደሩ፤ በረድፍ የተደረደረ ወንበር ሳይታወቅ ክፍሉን ወደ ንግግር ይመልሰዋል። ለመወሰን 10 ደቂቃ ይበቃል። የትኛው ክፍል እንደሚሻል የሚያጠራጥር ከሆነ ከባልደረባ ጋር ተከፋፍሎ መግባትና በምሳ ሰዓት ማስታወሻ መለዋወጥ ያዋጣል።

ክፍለ ጊዜውን የሚገድሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ይደጋገማሉ። አንደኛው ትውውቅ ነው፤ 15 ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ከ45 ደቂቃው ሲሶው ሄደ። ስምና የሚያስተምሩትን ክፍል ደረት ላይ ጽፎ መለጠፍ ይህን ያስቀራል። ሌላው 40 ስላይድ ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ክፉ አይደለም፣ የመጣበት ጉባኤ ግን ሌላ ነው። «ለመጀመር የትኛውን አንድ ነገር እንሞክር?» የሚል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከስላይዱ ያላቅቀዋል። ክፍሉ ከ20 ሰው ሲያልፍ ደግሞ አምስት ስድስቱ ተናጋሪ፣ ቀሪው አድማጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በሁለት ጥግ መከፈል ነው። ስፖንሰር ገብቶ ዕቃውን ማስተዋወቅ ከጀመረ ለአዘጋጁ መንገር ተገቢ ነው። ኤድካምፕ ንግድ የማይገባበት መሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ደንቦቹ አንዱ ነው፤ የምሳ ወጪ የሸፈነ ድርጅት ምስጋና እንጂ የውይይት ሰዓት አይገባውም።

የጋራ ማስታወሻው የዚህ ጉባኤ ደካማ ጎን ሆኖ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ጎግል ዶክ ተከፍቶ አድራሻው በኪውአር ኮድ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሁሉም ሌላው ይጽፋል ብሎ ስለሚያስብ ሰነዱ ባዶ ይቀራል። ውይይቱ ሳይጀመር አንድ ጸሐፊ በስም ይመረጥ። ጸሐፊው ሁሉን ቃል ማሳደድ የለበትም፦ ማን የትኛውን ክፍል ሲያስተምር ምን ሞከረ፣ ምን ሆነ፣ ምን አልሠራም። የመጨረሻዋ ዓምድ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፣ የምትጠቅመው ግን እሷ ናት። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶ ማንሣት በቂ ነው።

ማሳረጊያው ላይ ተሳታፊ ሁሉ በአንድ ደቂቃ አንድ መሣሪያ ወይም ዘዴ የሚያካፍልበት ፈጣን ዙር አለ። ደስ ይላል፣ ከዚህ ብዙም አይጠበቅ፤ 30 መተግበሪያ በተከታታይ ሰምቶ ሁለቱን የሚያስታውስ ጎበዝ ነው። ያን ሰዓት ለራስ ሦስት መስመር ለመጻፍ ማዋል ይሻላል፦ ምን እሞክራለሁ፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን።

የምስክር ወረቀቱ ነገር ከመመዝገብ በፊት ይጠየቅ። አንዳንድ አሠሪ የኤድካምፕን ሰዓት እንደ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የአሠልጣኝ ስምና የታተመ መርሐ ግብር ካላየ አይቀበልም። ለሁለተኛው ዓይነት አሠሪ ሰሌዳው ከሞላ በኋላ የተነሣ ፎቶ፣ የገባችሁባቸው ክፍለ ጊዜዎች ርዕስ ከነሰዓታቸውና የአዘጋጁ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ይዞ መሄድ ያግዛል። ፊርማውን በዚያው ቀን ተቀበሉ፤ አዘጋጆቹ በፈቃደኝነት የሚሠሩ መምህራን ስለሆኑ ሰኞ የሚፈለግ ቢሮ የላቸውም።