ከፉሪ ለቡ ድሬዳዋ በባቡር፦ ጉዞው ምቹ፣ ጣቢያው ሩቅ

ወደ ድሬዳዋ በባቡር ለመሄድ ያሰበ ሰው የቲኬቱን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጣቢያዎቹ የት እንዳሉ ይወቅ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር በራሱ ጥሩ ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጭስ የለውም፤ መጸዳጃ አለው፤ እግር ሲደነዝዝ ተነስቶ መንጎራደድ ይቻላል። ድካሙ ያለው ከመሳፈር በፊትና ከወረዱ በኋላ ነው።

የድሮው ባቡር ለገሀር ድረስ ገብቶ ነበር የሚያወርደው። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥሩ በመቅረቱ ነው፤ ከዚራ ያለው አሮጌ ጣቢያ ዛሬም መሃል ከተማ ነው። አዲሱ መስመር ግን ከተሞቹን በዳር በዳር ያልፋቸዋል። ለጭነት ባቡር ሰፊ ቦታና ቀለል ያለ ኩርባ ስለሚያስፈልግ ምክንያቱ ይገባል። ለተሳፋሪ ግን በሁለቱም ጫፍ ሌላ መኪና፣ ሌላ ሂሳብ ነው።

መነሻው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ያለው በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ከመገናኛ ወይም ከሲኤምሲ የሚነሳ ሰው ከተማውን አቋርጦ መሄድ አለበት። ባቡሩ ጠዋት ስለሚወጣና ሻንጣ በማሽን ስለሚፈተሽ ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይበጃል፤ ታክሲውን ማታውኑ ማነጋገር ነው። የታደሰ መታወቂያ ይያዙ። የተሳፋሪ ባቡር በየቀኑ አይወጣም፤ ቀኑም ስለሚቀያየር የመመለሻውን ቀን ሳያረጋግጡ ሆቴል አይያዙ።

ለአዳማና ለቢሾፍቱ አንመክረውም። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ለቡ በሚሄዱበትና አዳማ ወርደው መኪና በሚፈልጉበት ጊዜ አውቶቡሱ ይደርሳል።

ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ነው። ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ እየተጠባበቁ በመሆኑ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ይዘገያል። መብራት ሲቋረጥ ይቆማል፤ በቆላው ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ሲወጣም እንዲሁ። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓቱን እንደ ግምት ይያዙት፤ ውሃና ስንቅም አይርሱ።

ወንበር ወይም አልጋ መምረጥ ይቻላል። ባለስድስቱ ክፍል በሁለት ወገን ሦስት ሦስት አልጋ የተደራረበበት ነው፤ ባለአራቱ ሰፋ ይላል። የላይኛው አልጋ ቀጥ ብሎ አያስቀምጥም፤ የታችኛው ደግሞ ቀን ቀን የሁሉም መቀመጫ ይሆናል። ለአረጋውያንና ሕፃን ለያዘች እናት የታችኛውን ይግዙላቸው፤ መሰላሉ ቀጭን ነው።

አዋሽ ፓርክን ለማየት ብቻ ከሆነ ባቡሩ አያዋጣም። መስመሩ በአካባቢው ቢያልፍም ፓርኩ ያለ መኪና አይጎበኝም፤ ስለዚህ ከመነሻው በመኪና መሄድ ይሻላል። ጭሮና ሂርናም መስመሩ ላይ የሉም፤ ሐዲዱ ከሚኤሶ በኋላ ደጋውን ትቶ በቆላ ነው የሚያልፈው። ቁልቢ ገብርኤል ለመሳለም በታህሳስና በሐምሌ 19 የሚሄድ ሰው ግን ድሬዳዋ ወርዶ በደንገጎ ዳገት በኩል በመኪና መድረስ ይችላል። በክብረ በዓሉ ሰሞን ቲኬትም መኪናም ስለሚጠፋ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

ባቡሩ የሚያስመሰግነው ለድሬዳዋና ለሐረር ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከከተማው ውጭ ስለሆነ ከበሩ ላይ መኪና ተነጋግረው ይሳፈሩ፤ ሦስት አራት ሆኖ መጋራት ዋጋውን ያቀለዋል። ወደ ሐረር ሚኒባስ የሚያዘው ከተማ ከገቡ በኋላ ነው። መንገዱ በደንገጎ ዳገቱን ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ያስገባል፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ጉዞ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ጀጎል፣ በእግር የሚታይ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ መኪና አያስፈልግም። ባቡሩ ዘግይቶ ከመሸ ግን ድሬዳዋ አድሮ ጠዋት መውጣት ይሻላል፤ የደንገጎ ኩርባ የሌሊት መንገድ አይደለም።

በመልሱ ፍተሻው ጠበቅ ይላል። ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ የገዛችሁ ደረሰኙን ከላይ፣ በቀላሉ ከሚገኝበት ያዙ። ጣቢያም ስትሄዱ ከደረሳችሁበት የበለጠ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።