ዌብሳይት ልታሠሩ ነው? ዶሜኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም እንደሆነ ሳታዩ አትክፈሉ

ወገኖች፣ ማኅበር ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ይቺን አንብቡልኝ። እኛ የተቃጠልንበት እሳት እናንተን እንዳይነካችሁ ነው የምጽፈው።

በበጎ ፈቃድ የማገለግልበት ትንሽ ማኅበር አለ። ዌብሳይታችን አርጅቶ ስለነበር ልናድሰው ወሰንን። የፈለግነው ብዙ አልነበረም። ዝግጅቶቻችን የሚታዩበት የቀን መቁጠሪያ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚመዘገቡበት ቅጽ፣ የአባላት መዝገብ። ሥራውን የወሰደው ድርጅት «እናንተ ምንም አታስቡ፣ ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን» አለን። አላሰብንም። ጉድ የሠራን ይሄ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልነው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ስብሰባ ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ። ቀኑን ልናስተካክል ብንል የአስተዳዳሪ መግቢያ የለንም። ለእነሱ መጻፍ፣ መጠበቅ፣ ከዚያ መክፈል። ለአንዲት ቀን! ማስተካከያው ሲደርስ ሰዎች በድሮው ቀን መጥተው ተመልሰዋል። ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ቀጥሎ ሒሳቡን አገላበጥን። «የደህንነት ሰርተፍኬት» የሚል ዓመታዊ ክፍያ አለ። ዌብሳይቱና ጎብኚው የሚለዋወጡትን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚያደርገው ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ተቋም ይህንን ሰርተፍኬት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ለማንም በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚያስቀምጡ) ድርጅቶችም ራሳቸው ያለ ክፍያ ያስገቡታል። ለማስገባትና ለመከታተል የሥራ ዋጋ ቢጠይቁ ይገባኛል። ሰርተፍኬቱን እንደገዙልን አድርገው ማስከፈላቸው ግን ልክ አይደለም።

ትልቁ ነገር የመጣው እንለያይ ስንል ነው። ዶሜናችን፣ ያ በዶት ኦርግ የሚያልቀው አድራሻ፣ የተመዘገበው በእነሱ ስም ሆኖ ተገኘ። የዶት ኦርግ ዶሜን ባለቤት ሲጠይቅ መዝጋቢው ኩባንያ ዶሜኑን ወደ ሌላ ኩባንያ ለማዛወር የሚያስፈልገውን የማስተላለፊያ ኮድ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ደንቡ ግልጽ ነው። ግን የሚጠቅመው ባለቤት ተብሎ ለተመዘገበው ነው። እኛ በወረቀት ላይ ማንም አይደለንም። ኢሜይላችንም በዚያው ዶሜን ላይ ስለነበር አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ቅድመ ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የዶሜኑን አካውንት በማኅበሩ ኢሜይል ራሳችሁ ክፈቱ። የአንድ ሰው የግል ኢሜይል አይሁን፤ ያ ሰው ነገ ሊለቅ ይችላል። ኢሜይሉም በዚያው ዶሜን ላይ ያልተንጠለጠለ ይሁን። የባለቤት ስም በኢንተርኔት ፍለጋ ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ስለሚታይ በዚያ አትተማመኑ፤ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ለእናንተ እንደሚሰጥ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዌብሳይቱ የሚሠራው በራሳቸው የተዘጋ ሲስተም ነው ከተባለ ደግሞ ቆም በሉ። እንደ ዎርድፕረስ ባለ ክፍት ሶፍትዌር ከተሠራ ሌላ ባለሙያ ተረክቦ ይቀጥላል። የአባላትን መዝገብ በኤክሴል የሚከፈት ፋይል አድርጋችሁ ማውረድ መቻላችሁንም ሥራውን ስትረከቡ እዚያው ሞክሩት። ይሄን ባለማድረጋችን የበጎ ፈቃደኞቻችንን ስልክ ከየሰዉ እንደገና እየለቀምን ነው።

አሁን በአዲስ ዶሜን ከዜሮ ጀምረናል። የድሮው አድራሻ የታተመባቸው በራሪ ወረቀቶች ግን ዛሬም በየሰዉ እጅ አሉ።